«ዝም አይነቅዝም» ያለው ማነው? በመስቀል ጥላ ሥር ስለነቀዘው የአየርላንድ ዝምታ

«ዝም አይነቅዝም» ይላል ያገራችን ሰው። አፉን የዘጋ አይከሰስም፣ አይታሰርም፣ ከጎረቤትም አይቀያየምም ማለቱ ነው። ይህ ተረት ስንቱን ከእስር ቤት እንዳዳነ፣ ስንቱን ደግሞ በሆዱ እንደያዘ እንደቀበረው ቤት ይቁጠረው። እኔ ግን ዛሬ የነቀዘ ዝምታ ላሳያችሁ ነው። ነቅዞ፣ ሸትቶ፣ የሕፃናት አጥንት ይዞ ከመሬት ሥር የወጣ ዝምታ! አገሩ አየርላንድ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ፤ የኛን ስጠቅስ እናገራለሁ።)

«አየርላንድ ደግሞ ምን አገናኘን?» የሚል ይኖራል። ኧረ ያገናኘናል! በኛ አቆጣጠር የ77ቱ ረሃብ ጊዜ ጸጉረ ጨብራራው የደብሊን ልጅ ቦብ ጌልዶፍ ዓለምን በዘፈን ያስለቀሰልን ከዚያች ትንሽ አገር ተነስቶ ነው። በ1985 ለተራበው የኢትዮጵያ ሕዝብ ገንዘብ ሲሰበሰብ አየርላንዶች ከቁጥራቸውና ከኪሳቸው በላይ ነው የሰጡት። እነሱም ረሃብን በመጽሐፍ አይደለም የሚያውቁት። ከ1845 ጀምሮ ድንቻቸው በበሽታ ሲበሰብስ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አልቆባቸዋል፤ ሌላው በመርከብ ተሰዷል። ስለዚህ ደግ ሕዝብ ነው። ባለውለታችን ነው።

ታዲያ ያ ደግ ሕዝብ ለወሎና ለትግራይ ሕፃናት ሳንቲሙን በሚያዋጣበት ዓመት፣ እዚያው ደብሊን መሐል በሲስተሮች ላውንደሪ ውስጥ የሰው ልብስ ሲያጥቡ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሴቶች ገና ከግንቡ አልወጡም ነበር። የመጨረሻው ላውንደሪ የተዘጋው በ1996 ነው። ይህን የማነሳው ውለታ ለመብላት አይደለም። ደግነትና ጭካኔ በአንድ ቤት ውስጥ ግድግዳ ተጋርተው ሊኖሩ እንደሚችሉ፣ የቤቱ ባለቤትም ያንደኛውን ክፍል በር ሳይከፍት መቶ ዓመት መኖር እንደሚችል ለማሳየት ነው።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

አየርላንድ በእንግሊዝ ሥር ሳለች፣ በ1868 አንድ ሕግ ወጣ። መንገድ ላይ የሚንከራተቱ ልጆች ተሰብስበው ጫማ መስፋት፣ ልብስ ስፌት፣ እርሻ የሚማሩበት «የኢንዱስትሪ ትምህርት ቤት» ይቋቋም አለ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። መንግሥት ግን ቤቱን ራሱ ሠርቶ ራሱ አላስተዳደረም። ለካቶሊክ የመነኮሳት ማኅበራት ሰጠና «ለያንዳንዱ ልጅ ይህን ያህል እከፍላለሁ» አለ። ክፍያው በነፍስ ወከፍ ነው። እዚህ ላይ ቆም በሉ። የመከራው ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚህ ነው።

በነፍስ ወከፍ የሚከፈል ከሆነ ልጅ ሲበዛ ገንዘብ ይበዛል፤ ልጅ ወደ እናቱ ሲመለስ ገንዘብ ይቀንሳል። ማደሪያውን ለማቆም፣ ጣሪያውን ለመጠገን፣ አልጋው ባዶ ማደር የለበትም። ልጁ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላው ክፍያው ይቆማል፤ ያን ጊዜ አንድ ኮትና አንድ ጫማ ይዞ ይወጣል። ከዚያ በፊት ግን «ልጄን መልሱልኝ» የምትል እናት የበጀት ጠላት ናት። ይህን ለማወቅ የሂሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ መርካቶ ውስጥ የሚነግድ ሰው ሁሉ ይገባዋል።

ልጆቹስ እነማን ነበሩ? አብዛኞቹ «ወላጅ አልባ» አልነበሩም! ወላጅ ነበራቸው። ያልነበራቸው ገንዘብ ነው። አባት ሥራ ፈቶ ወይም ሞቶ፣ እናት ሳታገባ ወልዳ፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ቀርቶ ሲገኝ፣ ልጆችን ከጭካኔ ለመከላከል የተቋቋመው ማኅበር ተቆጣጣሪ ይመጣል። መንደርተኛው «የጭካኔው ሰውዬ» ብሎ ነበር የሚጠራው። ሰውዬው ልጁን ፍርድ ቤት ያቀርባል፤ ዳኛውም ለዓመታት ይፈርድበታል። ልብ በሉ፣ የሚፈረደው በልጁ ላይ ነው። ወንጀሉ ደሃ ሆኖ መወለድ ነው።

በ1922 ነፃነት መጣ። አዲሱ መንግሥት የራሱን ልጆች ከባዕድ ሕግ ያወጣል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ይባስ ብሎ የቤተ ክርስቲያኒቱን እጅ አበረታ። እንግሊዝ ራሷ ያንን ሥርዓት በ1933 ሕግ ስትቀይረው፣ ነፃ የወጣችው አየርላንድ ግን የቅኝ ገዢዋን አሮጌ ልብስ ለብሳ ቀረች። አይ ነፃነት!

ከግንቡ ውስጥ

ደብሊን አጠገብ አርቴን የሚባል ቦታ ከ1870 እስከ 1969 የክርስቲያን ብራዘርስ ማኅበር ያስተዳደረው የወንዶች ቤት ነበር። ባንድ ጊዜ ከስምንት መቶ በላይ ልጆች ይይዛል። ስምንት መቶ ልጅ! አባት የሚሉት፣ በስም የሚጠራቸው ሰው ሳይኖር። በምዕራብ ጠረፍ፣ ተራራና ባሕር መሐል ደግሞ ሌተርፍራክ ነበር። እዚያ የተወሰደ ልጅ ቢያመልጥ እንኳ የሚሸሽበት አልነበረም።

ደብሊን ውስጥ ጎልደንብሪጅ የሚባለው የሴት ልጆች ቤት በሲስተርስ ኦፍ መርሲ ሥር ነበር። ሕፃናቱ ከክፍል መልስ የመቁጠሪያ ዶቃ በሽቦ እየሰኩ ያመሻሉ። የቀን ኮታ ነበረባቸው፤ ያልሞላች ትገረፋለች። እንግዲህ በየቤቱ «እመቤታችን ሆይ» እየተባለ የተቆጠረው ዶቃ የተሠራው ጣታቸው በሽቦ በቆሰለ ሕፃናት ነው። እመቤታችን ይህን ጸሎት እንዴት ሰምታው ይሆን?

የካቫን ከተማን ነገር ደግሞ ስሙ። የካቲት 1943 ሌሊት በፑር ክሌር መነኮሳት ማሳደጊያ ውስጥ እሳት ተነሳ። 35 ሴት ሕፃናትና አንዲት አሮጊት የወጥ ቤት ሠራተኛ ተቃጠሉ። ከእሳቱ የተረፉት፣ ልጆቹ በሌሊት ልብስ ሰው ፊት እንዳይታዩ ሲባል በጊዜ ሳይወጡ ቀሩ ብለው ለዓመታት ተናግረዋል። መንግሥት አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። ኮሚሽኑ ምን አለ? ጥፋቱን ለኤሌክትሪክ ብልሽትና ለደካማው የእሳት አደጋ አገልግሎት ሰጥቶ ነገሩን ዘጋው። ካቫን ውስጥ በመነኮሳት ላይ ጣቱን የሚቀስር ማን ነበር?

«ዘመኑ ነው» ለሚሉን

እንዲህ ያለ ታሪክ ሲነሳ ወዲያው የሚመዘዙ ሦስት መከላከያዎች አሉ። እዚያም ተመዝዘዋል፤ እዚህም ብንጀምር ይመዘዛሉ።

አንደኛው «ዘመኑ እንደዚያ ነበር፤ ማንም አላወቀም» የሚለው ነው። ውሸት! በ1936 የከሰን ኮሚሽን የሚባለው ሪፖርቱን አቀረበ፤ ብዙዎቹ የማሻሻያ ሐሳቦቹ መደርደሪያ ላይ ተኙ። በ1946 ደግሞ አባ ፍላናጋን መጡ። እሳቸው አየርላንድ ተወልደው አሜሪካ ነብራስካ ውስጥ «ቦይስ ታውን»ን ያቋቋሙ፣ ስለሳቸው ሆሊውድ በ1938 ፊልም የሠራላቸው ካህን ናቸው። ሕዝቡ በሆታ ተቀበላቸው። እሳቸው ግን የልጆቹን ቤቶች አይተው «ይህ ለአገር ውርደት ነው» የሚል ቃል በአደባባይ ተናገሩ። ሆታው ባንዴ ጠፋ! የፍትሕ ሚኒስትሩ ጄራልድ ቦላንድ ፓርላማ ውስጥ አጣጣሏቸው። እንግዲህ የተናገሩት ከሐዲ አይደሉም፤ ኮሚኒስት አይደሉም፤ የካቶሊክ ቄስ ናቸው። ዝምታው ቄሱንም አልማረም።

ፒተር ቲረልን ደግሞ አስቡት። በስምንት ዓመቱ፣ በ1924፣ ሌተርፍራክ ገባ። ልብስ ሰፊነት ተምሮ ወጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ተዋግቶ ጀርመኖች ማረኩት። ይህ ሰው የናዚ ምርኮኛነቱን ከሌተርፍራክ ጋር አስተያይቶ የምርኮው ኑሮ ይሻል እንደነበር ጽፏል። ለብዙ ሰው ደብዳቤ ጻፈ፤ አንድ ሴናተር ብቻ በቅንነት አዳመጠው። የቀረው ጆሮውን ዘጋ። በ1967 ለንደን ሐምፕስቴድ ሂዝ በሚባለው ሜዳ ላይ ራሱን በእሳት አቃጠለ። ፖሊስ ማንነቱን ያወቀው ከዓመት ያህል በኋላ፣ ለዚያው ሴናተር ከተላከ የፖስታ ካርድ ቁራጭ ተነስቶ ነው። የጻፈው መጽሐፍ የታተመው በ2006 ነው። «ማንም አላወቀም» የምትሉ፣ ከዚህ በላይ በምን ይጩህ?

ሁለተኛው መከላከያ «ባይቀበሏቸው ኖሮ በረሃብ ይሞቱ ነበር» የሚለው ነው። ይህ ልብ ይነካል። ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። መንግሥት ለያንዳንዱ ልጅ ለማኅበሩ የሚከፍለው ገንዘብ ካለው፣ ያንኑ ለእናቲቱ ቢሰጣት ምን ነበረበት? እናቲቱ ልጇን ለማብላት ያነሳት ፍቅር አልነበረም፤ ሽልንግ ነው። ሽልንጉ ግን እሷን ዘሎ ግንቡ ውስጥ ገባ።

ሦስተኛው «ጥቂት መጥፎዎች በየትም አይጠፉም» የሚለው ነው። ይህ ነገር በ2009 መልስ አገኘ። የራያን ኮሚሽን አምስት ቅጽ ሪፖርት ሲያወጣ፣ ድብደባው የሥርዓቱ አካል እንደነበር፣ በወንዶች ቤቶች ውስጥ የወሲብ ጥቃት ሥር የሰደደ እንደነበር፣ ጥፋተኛ መሆኑ የታወቀ ብራዘር ሲገኝም ለፖሊስ ከመስጠት ይልቅ ወደ ሌላ ቤት ይዛወር እንደነበር አስቀመጠ። የትምህርት ሚኒስቴሩ ተቆጣጣሪ የሚመጣው ቀድሞ ተነግሮ ነው። አንሶላው ይቀየራል፣ ሾርባው ይወፍራል። ሚኒስቴሩ ለማኅበራቱ አንገቱን የደፋ እንደነበረም ሪፖርቱ መሰከረ። ቁጥጥር ነው ይኼ ወይስ የበዓል ጉብኝት?

ማን ከፈተው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህን በር የከፈተው ማነው? ፓርላማው ነው? አይደለም። ፍርድ ቤቱ ነው? አይደለም። ጳጳሳቱ ናቸው? እነሱማ የመጨረሻዎቹ ናቸው።

በ1993 ደብሊን ውስጥ ሃይ ፓርክ የሚባለው ገዳም መሬቱን ለመሸጥ የላውንደሪ ሴቶቹን መቃብር አስቆፈረ። 133 ሴቶች ናቸው ተብሎ ፈቃድ ወጥቶ ነበር፤ ሲቆፈር 22 ተጨማሪ አስከሬን ተገኘ። የብዙዎቹ የሞት ምስክር ወረቀት አልነበረም። ሰው ደነገጠ። በ1996 ጎልደንብሪጅ ያደገችው ክሪስቲን በክሊ በቴሌቪዥን ፊልም ስሟን ሳትደብቅ ተናገረች። በ1999 ጋዜጠኛዋ ሜሪ ራፍተሪ «ስቴትስ ኦፍ ፊር» የተባለውን ሦስት ክፍል ዘገባ አቀረበች። የመጨረሻው ክፍል በሚተላለፍበት ዕለት፣ ግንቦት 11 ቀን (በነሱ ሜይ መሆኑ ነው)፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በርቲ አኸርን በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ። እንግዲህ አንዲት ማሳደጊያ ያደገች ሴትና አንዲት ጋዜጠኛ፣ ፓርላማው በሰባ ዓመት ያልሠራውን ሠሩት ማለት ነው። ጋዜጣና ጋዜጠኛ ለምን ይጠቅማል የምትሉ ባለሥልጣናት ካላችሁ፣ ይኸውላችሁ።

ይቅርታ ግን ፍትሕ አይደለም። አጣሪ ኮሚሽኑን የመሩት ዳኛ ሜሪ ላፎይ ከመንግሥት በቂ ትብብር አጣሁ ብለው በ2003 ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ክርስቲያን ብራዘርስ ፍርድ ቤት ከሄዱ በኋላ፣ የተከሳሾች ስም ሳይጠራ ሪፖርቱ ይውጣ ተባለ። በ2002 ደግሞ መንግሥትና አሥራ ስምንት ማኅበራት ተዋዋሉ። ማኅበራቱ 128 ሚሊዮን ዩሮ የሚያወጣ ገንዘብና ንብረት ይሰጣሉ፤ ከዚያ በላይ ያለውን መንግሥት ይሸከማል። ጠቅላላ ወጪው ወደ 1.5 ቢሊዮን ዩሮ ደረሰ! ከ15 ሺህ በላይ ሰዎች ካሳ ተቀበሉ። የከፈለው ግብር ከፋዩ ነው፤ ከግብር ከፋዮቹ መሐል ደግሞ የተገረፉት ልጆች ራሳቸው አሉ። ካሳውን የተቀበለ ሰው ስለ ካሳው በአደባባይ ቢያወራ በገንዘብም በእስራትም የሚያስቀጣ ሕግ አብሮ ወጣ። ልብ አላችሁ? በልጅነቱ ዝም በል ተብሎ ተመታ፤ ሲሸመግል ዝም በል ተብሎ ተከፈለው።

የቱዋም ነገር

ለመጨረሻ ያቆየሁት ቱዋምን ነው። እዚህች ትንሽ ከተማ ውስጥ ከ1925 እስከ 1961 የቦን ሰኩር ሲስተሮች ሳያገቡ ላረገዙ እናቶችና ለሕፃናቶቻቸው ቤት ያስተዳድሩ ነበር። ካትሪን ኮርለስ የምትባል የዚያው አካባቢ ሴት፣ ፕሮፌሰር ሳትሆን፣ ማንም ሳይልካት፣ በገዛ ገንዘቧ የሞት ምስክር ወረቀት አንድ በአንድ እያወጣች ቆጠረች። 796 ሕፃናት! መቃብራቸውን ፈለገች፤ የለም። ያገሩ ሰው «ምን ትቆፍሪያለሽ፣ ተዪው» አላት። ጉዳዩ በ2014 ዓለምን አዳረሰ። በ2017 ኮሚሽኑ ቆፍሮ አየ። ከፍሳሽ ማስወገጃ ጋር በተያያዘ የመሬት ውስጥ ግንባታ ውስጥ የጨቅላዎች አጽም ተገኘ። በ2021 የወጣው ሪፖርት፣ ባጠናቸው አሥራ ስምንት ቤቶች ውስጥ ወደ 9 ሺህ ሕፃናት ሞተዋል አለ። ከገቡት ከመቶ አሥራ አምስቱ ማለት ነው። አጽሙን በሙሉ አውጥቶ በክብር ለመቅበር ቁፋሮው የተጀመረው በ2025 ሐምሌ ውስጥ ነው። እነዚያ ሕፃናት ክርስትና ተነስተዋል። ፍትሐት ግን ስልሳና ሰባ ዓመት ጠበቁ።

ከሞት የተረፉትስ? ከሁለት ሺህ የሚበልጡት ወደ አሜሪካ በጉዲፈቻ ተልከዋል። ፊሎሜና ሊ የምትባለው እናት ልጇን ሃምሳ ዓመት ፈልጋ፣ ያገኘችው መቃብሩን ነው። ፊልም ተሠርቶላታል።

እዚህ ላይ ወዳጄ፣ ነገሩ ሰፈራችን ደረሰ። ከኛም አገር በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ሄደዋል። መልካም ቤት ገብተው የተማሩ ብዙ አሉ፤ ይህን አልክድም። ግን እናት እያላቸው «ወላጅ አልባ» የሚል ወረቀት የተጻፈላቸው፣ እናቲቱም «ተምሮ ይመለሳል» ተብላ የፈረመች መኖራቸው ተደጋግሞ ተነግሯል። ፓርላማው የውጭ አገር ጉዲፈቻን የከለከለው በ2018 መጀመሪያ ላይ ነው። በሩ ተዘጋ፤ ደግ። የሄዱት ግን ዛሬ አድገው እናታቸውን እየፈለጉ ነው። መዝገቡን ማን ይስጣቸው? «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል፤ የኛ ቢሮ ግን ወረቀቱንም አይለቅ፣ ፈላጊውንም አያስገባ!

ይህን ስጽፍ ቤተ ክርስቲያን ላይ ድንጋይ ለመወርወር አይደለም። ጾማቸውን ለደሃ አደግ የሚሰጡ፣ ከራሳቸው አፍ ቀንሰው የሚያበሉ ካህናትና ሲስተሮች እዚያም ነበሩ፣ እዚህም አሉ። ግን ሕፃናትን ስለሚያሰናክል ሰው ወንጌሉ የወፍጮ ድንጋይ የጠቀሰው ቀሚሱ ጥቁር ነው ነጭ ነው ብሎ አይደለም። ቄስ ይሁን ሼክ፣ ፓስተር ይሁን ኤንጂኦ፣ መንግሥት ራሱም ይሁን፣ የሰው ልጅ ከተዘጋ በር ኋላ ያሳደገ ሁሉ መጠየቅ አለበት። በአየርላንድ ልጆቹን የገደላቸው እምነት አይደለም። በነፍስ ወከፍ የሚከፈል ገንዘብ፣ ቀድሞ ተነግሮት የሚመጣ ተቆጣጣሪና «የእግዚአብሔር ሰዎች ናቸው፣ አይነኩም» የሚል ዝምታ ተጋግዘው ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የሕፃናት ማሳደጊያ ያለበት አካባቢ ሁሉ ሳይነገረው የሚመጣ፣ ከአሳዳሪው ደሞዝ የማይቀበል ተመልካች ይኑር። ልጁ አድጎ ሲመጣ መዝገቡ ይከፈትለት። ለማሳደጊያ ከመከፈሉ በፊት «እናትየዋ በዚህ ብር ልጇን ማሳደግ ትችላለች ወይ?» ተብሎ ይጠየቅ። እኛስ? እኛም በዚያ ግንብ ስናልፍ፣ ከውስጥ የልጅ ለቅሶ ስንሰማ፣ «ዝም አይነቅዝም» ብለን አንለፍ። ነቅዞ አይተነዋላ!

ልቦና ይስጠን።